ፊትን የማያሳይ ብርሃን፦ የሌሊት ማነጣጠሪያ ታሪክ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ። ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ሲመለስ በተናጋሪው መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የዛሬው ርዕስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «አንተ ደግሞ መቼ ነው ወደ ጦር መሣሪያ የዞርከው?» ሲል ጠይቆኛል። አልዞርኩም። የማስተምረው የሳይንስና የቴክኖሎጂ ታሪክ ነው፤ ሽጉጥ ተኩሼም አላውቅም። ወደዚህ ጉዳይ ያመጣኝ አንድ የስልክ ጥሪ ነው።

የአክስቴ ልጅ በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ይኖራል። በ2009 ቤቱ ተሰብሮ ከተዘረፈ በኋላ ሽጉጥ ገዛ። ሻጩም ከሽጉጡ ጋር የመጣውን ተራ ማነጣጠሪያ አስነቅሎ በጨለማ የሚበራ እንዲያስገጥም መከረው። ማታውኑ ደወለልኝ። «አረንጓዴ አለ፣ ብርቱካናማ አለ። ውስጡ ትሪቲየም የሚባል ነገር አለበት፤ ጨረር አለው ይላሉ። ስለ ራዲየም የምታስተምረው አንተ አይደለህ? ልጆች ባሉበት ቤት ላስገባው ወይስ ይቅርብኝ?» አለኝ።

የሰጠሁት መልስ በፊዚክስ ረገድ ትክክል ነበር። ዛሬ ላቀርብላችሁ የምፈልገው ግን ያን ማታ እርሱም ያልጠየቀኝን፣ እኔም ያላሰብኩትን ጥያቄ ነው፦ ይህ ብርሃን ለባለቤቱ የሚያሳየው ምንን ነው?

መሣሪያውን ለማያውቀው በአጭሩ ልግለጸው። በሽጉጥ አናት ላይ ሁለት ጉብታዎች አሉ። አንዷ ከአፈሙዙ በላይ የቆመች ትንሽ ጉብታ ናት። ሁለተኛዋ ወደ ተኳሹ ዓይን የምትቀርበውና መሐሏ የተሰነጠቀው ናት። ተኳሹ የፊተኛዋን በኋለኛዋ ስንጥቅ መካከል አስገብቶ ያስተካክልና ወደ ዒላማው ያቀናል። በቀን ይህ ቀላል ነው። በሌሊት ግን ጥቁር ብረት በጥቁር ጨለማ ላይ ይጠፋል። የጥንት አዳኞች ይህን ያውቁ ስለ ነበር በጠመንጃቸው አፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ወይም ወረቀት ያስሩ ነበር፤ ጨረቃ ካለች ይረዳል፣ ከሌለች አይረዳም።

ነገሩን የለወጠው ራዲየም ነው። ማሪና ፒየር ኩሪ ራዲየምን ያገኙት በ1898 ነው። ራዲየምን ከዚንክ ሰልፋይድ ዱቄት ጋር ብታቀላቅሉት ጨረሩ ዱቄቱን ያለማቋረጥ እየመታ ያበራዋል፤ ፀሐይ ሳይሞቅ፣ ክብሪት ሳይጫርበት፣ ቀንም ሌሊትም። በአሜሪካ ይህን ቀለም ለገበያ ያበቃው ሳቢን ፎን ሶቾኪ የተባለ ሐኪም ሲሆን፣ እርሱ ያቋቋመውና በኋላ የዩናይትድ ስቴትስ ራዲየም ኮርፖሬሽን የተባለው ኩባንያ ቀለሙን «አንዳርክ» ብሎ ሸጠው። በእኛ ቋንቋ «ጨለማ ሻሪ» ብንለው ያስኬዳል።

ቀለሙ በቶሎ ገበያ ያገኘው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጋር ስለ ተገጣጠመ ነው። በምሽግ ውስጥ ያለ ወታደር ሰዓቱን ለማየት ክብሪት ቢጭር ራሱን ለጠላት ተኳሽ ያሳያል። ስለዚህ ሰዓቱንም፣ የአውሮፕላኑን መለኪያም፣ የጠመንጃውን ማነጣጠሪያም በራሱ የሚያበራ ነገር አስፈለገው። ይህች ነጥብ ኋላ ስለምታስፈልገን አስታውሷት። ማነጣጠሪያ ላይ የተቀባው ብርሃን የተፈለገው አካባቢውን እንዲያበራ አልነበረም፤ አካባቢውን ሳያበራ መሣሪያውን ብቻ ለባለቤቱ እንዲያሳይ ነበር። ሳይታዩ ማየት ነው ዓላማው።

የዚህን ብርሃን ዋጋ የከፈሉት ግን ወታደሮቹ አልነበሩም። በኒው ጀርሲ፣ ኦሬንጅ በምትባለው ከተማ፣ የሰዓት ገጽ የሚቀቡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ቁጥሮቹ ደቃቅ በመሆናቸው የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው ያሾሉት ነበር፤ እንዲህ እንዲያደርጉም ነበር የተማሩት። ቀለሙ እንደማይጎዳ ተነግሯቸዋል። አንዳንዶቹ ለጨዋታ ጥፍራቸውንና ጥርሳቸውን ይቀቡት ነበር፤ ማታ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ልብሳቸውና ፀጉራቸው በጨለማ ያበራ ነበር። ራዲየም ሰውነት ውስጥ ሲገባ አካል ካልሲየም መስሎት ወደ አጥንት ይወስደዋል። ጥርሳቸው ረገፈ፣ መንጋጋቸው እየተበላ ወደቀ፣ አጥንታቸው እንደ ደረቅ እንጨት ተሰበረ። በ1927 ግሬስ ፍራየር የምትባል ሠራተኛ ከአራት ጓደኞቿ ጋር ኩባንያውን ከሰሰች። ጠበቃ ለማግኘት ብቻ ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶባታል። በ1928 ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ለእያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር በአንድ ጊዜ፣ 600 ዶላር ደግሞ በየዓመቱ እንዲከፈላቸውና የሕክምና ወጪያቸው እንዲሸፈን ተወሰነ። የዓመቱን ክፍያ ለብዙ ጊዜ የሚቀበሉ አልነበሩም፤ ይህንንም ሁለቱም ወገኖች ያውቁ ነበር። በዚያው ዓመት ቀለሙን የፈለሰፈው ሶቾኪ ራሱ በዚሁ ጨረር ምክንያት ሞተ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። የራዲየም ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት ያህል ነው፤ ማለትም የአንድ ቅንጣት ቀለም ጨረር ወደ ግማሽ የሚወርደው ከ1,600 ዓመት በኋላ ነው። ዚንክ ሰልፋይዱ ግን በጨረሩ እየተጎዳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደክማል። ስለዚህ የአያቶቻቸውን የጦር ሜዳ ሰዓት በሣጥን ውስጥ ያገኙ አውሮፓውያን የማያበራ ሰዓት ያገኛሉ፤ ብርሃኑ ሞቷል፣ መርዙ ግን አለ።

ቀጣዩ ሙከራ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። አሜሪካውያን በቬትናም ጦርነት ዘመን ለኤም 16 ጠመንጃ በሠሩት የደብዛዛ ብርሃን ማነጣጠሪያ ላይ ፕሮሜቲየም 147 ተጠቀሙ። ግማሽ ዕድሜው 2.6 ዓመት ያህል ብቻ ነው። መርዙ ቶሎ ይጠፋል፤ ብርሃኑም አብሮ ይጠፋል፤ ግምጃ ቤት ተቀምጦ የከረመ ማነጣጠሪያ ሲፈለግ ጨልሞ ይገኛል። መሐከለኛውን መንገድ የሰጠው ትሪቲየም ነው።

ትሪቲየም የሃይድሮጅን ዘመድ ነው፤ በ1934 በካምብሪጅ ራዘርፎርድ፣ ኦሊፋንትና ሃርቴክ አገኙት። ግማሽ ዕድሜው 12.3 ዓመት ነው። የሚያወጣው የቤታ ጨረር እጅግ ደካማ ስለሆነ የላይኛውን የቆዳ ሽፋን እንኳ አልፎ አይገባም። አሠራሩም ከቀለም ቅብ የተለየ ነው። ከሩዝ ቅንጣት የምታንስ የመስታወት ብልቃጥ ውስጧ በሚያበራ ዱቄት ይለበጣል፤ ከዚያ ትሪቲየም በጋዝ መልክ ይሞላና ትታሸጋለች። ጨረሩ ዱቄቱን መትቶ እዚያው ይቀራል፤ የሚወጣው ብርሃኑ ብቻ ነው። ብሪታንያውያን ትሪሉክስ የተባለውን የጠመንጃ መነጽር በዚህ አበሩት፤ እስራኤላውያን በ1970ዎቹ መጀመሪያ በታጠቁት ጋሊል ጠመንጃ ላይ ለሌሊት የሚነሣ የትሪቲየም ማነጣጠሪያ አደረጉበት። ከሠራዊቱ ወደ ፖሊስ ሽጉጥ፣ ከፖሊስ ሽጉጥ ወደ መኝታ ቤት ኮመዲኖ የወረደው ከዚያ በኋላ ነው። በአሜሪካ አምራቹና አከፋፋዩ ከኒውክሌር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያወጣሉ፤ ገዢው ግን ምንም ፈቃድ አያስፈልገውም።

ለአክስቴ ልጅ የነገርኩት ይህንኑ ነው። ብልቃጧን ሰብረህ ጋዙን እስካልማግክ ድረስ ልጆችህን አትጎዳም፣ የኒው ጀርሲዎቹ ሴቶች ታሪክ አይደገምብህም አልኩት። እውነት ነው። ስለ ልጆቹ ከጠየቀኝ ግን ሊያሳስበው የሚገባው ብልቃጧ ሳትሆን ብልቃጧ የተሰካችበት ብረት መሆኑን አልነገርኩትም። ራዲየምን የሚያስተምር ሰው አደጋን በጨረር ብቻ ይለካል መሰለኝ።

ስለ ቀለሙ ምርጫም አስተያየት ሰጠሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የዓይን ነገር ስለሆነ። የሰው ዓይን ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አሉት። የቀኖቹ ቀለምንና ዝርዝርን ይለያሉ፤ የሌሊቶቹ ደብዛዛ ብርሃን ይይዛሉ እንጂ ቀለም አይለዩም፣ ዝርዝርም አያሳዩም። የሌሊቶቹ ከሁሉ ይልቅ የሚነቁት ወደ አረንጓዴ በሚጠጋ ብርሃን ነው፤ በዚህ ምክንያት በእኩል ትሪቲየም የተሞሉ ሁለት ብልቃጦች አረንጓዴዋ ከብርቱካናማዋ ይልቅ ደምቃ ትታየናለች። ሌላም ችግር አለ። የተለመደው የሌሊት ማነጣጠሪያ ሦስት ነጥቦች አሉት፦ ሁለት ከኋላ፣ አንድ ከፊት። በድቅድቅ ጨለማ የብረቱ ቅርጽ ሲጠፋ ሦስት ተመሳሳይ ኮከቦች ብቻ ይቀራሉ፤ የተደናገጠ ሰው የፊተኛዋን ከኋለኞቹ አንዷ ጋር አምታቶ ወደ ጎን ሊያቀና ይችላል። ስለዚህ የፊተኛዋን ደማቅ፣ የኋለኞቹን ደብዛዛ ወይም ሌላ ቀለም ማድረግ ይሻላል። እርሱም የፊቷን አረንጓዴ፣ የኋላዎቹን ብርቱካናማ መረጠ። ሁለታችንም ጥሩ ምርጫ እንዳደረግን ተሰማን።

በዓይን ትምህርት ውስጥ ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር ነበር፤ አለፍኩት። የሌሊቶቹ ሕዋሳት በዓይናችን ማዕከል ላይ የሉም። አንድን ነገር በጨለማ አፍጥጠን ስናየው የምናየው በታወረው ቦታ ነው፤ ደካማ ኮከብን ለማየት ጎኗን የምንመለከተው ለዚህ ነው። ፊት የምንለይበት ደግሞ ይኸው ማዕከል ነው። ስለዚህ በጨለማ ውስጥ ሰው መኖሩን ማወቅ ይቻላል፤ ማን መሆኑን ማወቅ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው።

የሕግ ሊቃውንት ይህን ከዓይን ሐኪሞች ቀድመው ያውቁት ነበር። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ላይ ሌባ ቤት ሲቆፍር ተገኝቶ ቢገደል የገደለው የደም ዕዳ የለበትም፤ ፀሐይ ከወጣች ግን አለበት። በሮም የአሥራ ሁለቱ ሠሌዳዎች ሕግም የሌሊቱን ሌባ ከቀኑ ሌባ ለይቶ የሌሊቱን መግደልን ይፈቅዳል። ታዲያ ሌሊት የሚባለው ከመቼ እስከ መቼ ነው? የእንግሊዙ የሕግ ሊቅ ብላክስቶን በ1769 በወጣው አራተኛ ቅጹ የሰጠው መልስ ድንቅ ነው፤ በሰዓት አልለካውም። የሰውን ፊት ለመለየት የሚበቃ የቀን ብርሃን እስካለ ድረስ ቤት ሰብሮ መግባት የሌሊቱ ወንጀል አይባልም ይላል። የሌሊት ወሰን ፊት ነው ማለት ነው። ባለቤቱ ሌላ ጊዜ የሌለው ሥልጣን በሌሊት የሚሰጠው ማየት ስለማይችል ነው፤ ድክመቱ ነው መብቱን የወለደው።

ከዚያ በኋላ ሌሊቱ መሸሽ ጀመረ። በ1807 የለንደኑ ፓል ማል ጎዳና በጋዝ መብራት ታየ፤ በ1882 ኤዲሰን በኒውዮርክ ፐርል ጎዳና የኤሌክትሪክ ጣቢያውን ከፈተ። ዛሬ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ፊትን የሚያሳየው ብርሃን በግድግዳው ላይ ባለ ማብሪያ ነው የሚመጣው። የሕጉ ግን ቤትና ሌሊት አብረው መታሰባቸው ቀጠለ። ከአክስቴ ልጅ ቤት በፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያለችው ዋሽንግተን ከ1976 ጀምሮ ነዋሪዎቿ ሽጉጥ እንዳይዙ ከልክላ ነበር። በፌዴራል ሕንፃ ጥበቃ የሚሠራው ዲክ ሄለር ያቀረበው ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በሰኔ 2008 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ክልከላው ተሻረ። የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ስካሊያ አሜሪካውያን ለቤት መከላከያ ሽጉጥ የሚመርጡበትን ምክንያት ሲዘረዝሩ፣ በአንድ እጅ ተይዞ በሌላው እጅ ለፖሊስ ስልክ መደወል ማስቻሉን ጠቅሰዋል። ውሳኔውን ሳነብ ሁለተኛዋ እጅ ማብሪያውን ብትነካስ ብዬ በኅዳጉ ላይ ጽፌያለሁ።

አሁን ወደዚያች ነጥብ ልመለስ። የሚያበራው ማነጣጠሪያ የተወለደው በምሽግ ውስጥ ነው። በምሽግ ውስጥ ከፊት ያለው ጥላ ማን እንደሆነ አስቀድሞ ተወስኗል፤ ጠላት ነው። የወታደሩ ችግር ማን ነው የሚለው ሳይሆን መሣሪያዬ ወዴት ነው ያነጣጠረው የሚለው ነበር፤ ራዲየሙም፣ ፕሮሜቲየሙም፣ ትሪቲየሙም ለዚህኛው ጥያቄ ብቻ ነው የተሠሩት። ቤት ግን ምሽግ አይደለም። በአንድ ቤት ውስጥ በሌሊት ከሚንቀሳቀሱት ጥላዎች እጅግ የሚበዙት የቤቱ ሰዎች ናቸው። ውኃ የጠማው ልጅ፣ ከሥራ የምትመለስ ሚስት፣ እንቅልፍ የነሣው እንግዳ። ያ መሣሪያ ከምሽግ ወደ ቤት ሲመጣ መልሱን ይዞ መጣ፣ ጥያቄው ግን ተለውጦ ነበር።

ብርሃን ብቻውን ይበቃል ማለቴ አይደለም። በጥቅምት 1992 በሉዊዚያና ባተን ሩዥ፣ ዮሺሂሮ ሃቶሪ የተባለ የ16 ዓመት ጃፓናዊ ተማሪ የሃሎዊን ድግስ ሊሄድ ተነሥቶ የተሳሳተ ቤት ደወለ። ባለቤቱ ሽጉጥ ይዞ ወጥቶ እንዲቆም አዘዘው፤ ልጁ ቃሉን አልተረዳም፣ እየቀረበ ሄደ። በአንድ ጥይት ደረቱን ተመቶ ሞተ። ማነጣጠሩ አልተሳሳተም። የወንጀል ችሎቱ ባለቤቱን በነፃ ለቀቀው፤ የፍትሐ ብሔር ችሎቱ ግን ለወላጆቹ ከ650,000 ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈረደ። በባዕድ አገር፣ በባዕድ ቋንቋ ሰው ደጅ ላይ የቆመ ሁሉ ይህን ታሪክ ሲሰማ ራሱን ነው የሚያየው። እኛ አገር ሰው ቤት የሚደርስ «ቤቶች!» ይላል፤ ከውስጥም «ማነው?» ይባላል። ድምፅ ፊትን ይተካል፤ ኩራዝ እስኪለኮስ ድረስ።

አክስቴ ልጃቸውን ሊጠይቁ አሌክሳንድሪያ የሄዱት ሽጉጡ ከተገዛ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በደረሱ በሦስተኛው ሌሊት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ልጃቸው ከሳሎን የሚመጣ ኮሽታ ሰምቶ ነቃ። ሽጉጡን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። የነገረኝን እንደ ነገረኝ ልንገራችሁ። ሦስቱ ነጥቦች ፍጹም ግልጽ ነበሩ፤ የፊቷ አረንጓዴ በሁለቱ ብርቱካናማዎች መካከል ልክ ተቀምጣለች፤ ከዚያ በፊት እንዲያ በትክክል አነጣጥሮ አያውቅም። ከነጥቦቹ ማዶ ደግሞ የሚወዛወዝ ነገር ነበር። ጎንበስ ይላል፣ ቀና ይላል። በእንግሊዝኛ ሊጮህ አሰበ፤ አፉ ላይ የመጣለት ግን «ማነው?» የሚለው ነው።

«ምን ሆንክ ልጄ? አልነቃህም ብዬ እኮ ነው በጨለማ የቆምኩት» አሉት። ለአሌክሳንድሪያ ሌሊት ነበር እንጂ ለእርሳቸው በአዲስ አበባ ረፋድ ነው፤ እንቅልፍ ስላልነበራቸው ነጠላቸውን ተከናንበው ይሰግዱ ነበር። ልጃቸውን ላለመቀስቀስ ብለው ነው መብራት ያላበሩት።

ይህን የነገረኝ በስልክ ነው፤ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ ነው የነገረኝ። አክስቴ እጁ ላይ ምን እንደ ነበር እስከ ዛሬ አያውቁም፤ ይህን ገለጻም እንደማያነቡት እርግጠኛ ነኝ።

ሽጉጡን አልሸጠውም። ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራ አምፖልም በኮሪደሩ አስገጥሟል። ማነጣጠሪያው ላይ ያለው ትሪቲየም በ2021 ገደማ ግማሹ አልቋል፤ በቅርቡ ደውሎ ነጥቦቹ እየደበዘዙ መሆናቸውን ነግሮኝ፣ «ልቀይራቸው ወይስ ይቅር?» ሲል ጠየቀኝ። በዚህኛው ጊዜ ከመመለሴ በፊት ከሳሎኑ እስከ መኝታ ቤቱ ስንት አምፖል እንዳለ ጠየቅሁት። ሊቆጥር ሄደ።